የፊት ዲፈረንሻል ከመፈታቱ በፊት

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የየወረዳው መሥሪያ ቤት ፒክአፖች ከአስፋልት ወርደው ጭቃ ውስጥ የሚገቡበት ጊዜ በተቃረበበት ሰሞን ነው። 26 ዓመት በሾፌርነት ሠርቻለሁ፤ ከዚያም ውስጥ የሚበዛውን ያሳለፍኩት በሰሜን ሸዋ የገጠር መንገዶች የክትባትና የመድኃኒት ዕቃ ጭኜ በመመላለስ ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ነገር ግን የፊት ዲፈረንሻላቸው (ኃይልን ለሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን) ወርዶ፣ ሻፍታቸው (ኃይሉን ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያደርሰው ተሽከርካሪ ብረት) ተነቅሎ፣ በየጋራዡ ደጅ በድንጋይ ላይ ተደግፈው ሳምንታት የሚቆሙትን መኪኖች ባየሁ ቁጥር ዛሬም አዝናለሁ፤ ምክንያቱም በእኔ ልምድ ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ዲፈረንሻላቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ችግሩ የት እንዳለ ሳይመረመር የተፈቱ ናቸው። ፎር ዊል፣ ማለትም 4ቱም ጎማ የሚስብበት አሠራር፣ አልገባ ያለ መኪና ሁሉ ዲፈረንሻሉ ተበላ ማለት አይደለም፤ አንባቢዎቻችሁም፣ በተለይም የስምሪት ኃላፊዎችና መካኒኮች፣ ይህን እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ።

እኔም ይህን የተማርኩት በችግር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር፣ በሞረትና ጅሩ በኩል ወደሚገኝ አንድ ጤና ኬላ ክትባት ይዘን ስንጓዝ ከዋናው መንገድ እንደወጣን ዋልካው ያዘን። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው የዚያን ጥቁር አፈር ጠባይ ያውቀዋል፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ውኃ ሲጠጣ ደግሞ ያብጥና በጎማው ላይ እየተጠቀለለ ጥርሱን ሞልቶ ያለሰልሰዋል። የያዝኩት መኪና ቪጎ እየተባለ የሚጠራው ሃይሉክስ ነበር። የፎር ዊሉን ዘንግ ከኤች 2 (በኋላ ጎማዎች ብቻ መሄጃ) ወደ ኤች 4 (በ4ቱም ጎማ መሄጃ) አሳለፍኩት፤ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው አረንጓዴ መብራት ግን ረግቶ መብራት ሲገባው ብልጭ ድርግም ማለቱን ቀጠለ። የኋላ ጎማዎች ጭቃውን ሲቆፍሩ የፊቶቹ ጸጥ ብለው ቆመዋል። በመጨረሻ የክትባቱን ሳጥን የአካባቢው ገበሬዎች በየተራ በትከሻቸው ተሸክመው 2 ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው አደረሱልን። ክትባት ቅዝቃዜው ከተጓደለበት በኋላ እንደገና ቢቀዘቅዝ ጥቅሙ እንደማይመለስ የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ 2 ሰዓት ውስጥ በልቤ የነበረውን ጭንቀት ይረዳልኛል።

መኪናው ተጎትቶ ከተማ እንደደረሰ የተረከበው ጋራዥ አንድም ነገር ሳይጠይቅና ሳይፈትሽ «የፊት ዲፈረንሻሉ አልቋል» ብሎ ፈረደ። ወረደ፣ ተፈታ፤ በምትኩም ያገለገለ ዲፈረንሻል ከአዲስ አበባ ተገዝቶ መጣ። ይህ ሁሉ 5 ሳምንት ፈጀ፤ ወጪውም የእኔን የግማሽ ዓመት ደመወዝ የሚያክል ነበር። ተገጥሞ ስንሞክረው መብራቱ እንደ ቀድሞው ብልጭ ድርግም አለ። ነገሩ የተገለጠው አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መኪናው ሥር ተኝቶ፣ ዲፈረንሻሉ ላይ ወደተቀመጠችው ትንሽ ሞተር የሚሄደውን የሽቦ ሶኬት ነቅሎ ሲመለከት ነው። የሶኬቱ ውስጥ በዝገት አረንጓዴ ሆኗል፤ አንዱ ሽቦም ሥሩ ላይ ተበልቷል። ሽቦውን ቀጥሎ ሶኬቱን ሲያጸዳው መብራቱ ረጋ። ሥራው ከግማሽ ሰዓት አልበለጠም። አሮጌው ዲፈረንሻል ግን ተበታትኖ በካርቶን ውስጥ ነበር፤ ጥርሶቹን በእጄ እያገላበጥኩ ስመለከታቸው አንዱም እንኳ አልተነካም።

ይህች ትንሽ ሞተር ምን እንደምትሠራ በአጭሩ ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእርሷ ላይ ነውና። በእነዚህ ፒክአፖች ላይ የፎር ዊሉ ዘንግ ሲገፋ፣ ከካምቢዮው ኋላ ያለው ትራንስፈር የሞተሩን ኃይል ከፊት ሻፍት ጋር ያገናኛል። ይህ የመጀመሪያው ግንኙነት ነው። ሁለተኛው ግንኙነት ያለው ከፊት ዲፈረንሻሉ አጠገብ ነው፤ በ2 ጎማ በሚኬድበት ጊዜ የፊት ሻፍቱ በከንቱ እንዳይሽከረከር ከሁለቱ የፊት አክስሎች (ኃይሉን ከዲፈረንሻሉ ወደየጎማው ከሚወስዱት ብረቶች) አንደኛው መሃሉ ላይ ተቋርጦ ይቀመጣል፤ ኤች 4 ሲታዘዝ ግን ያቺ ትንሽ ሞተር አንድ ሹካ ገፍታ የተቋረጠውን አክስል ታገጣጥማለች። በአንዳንድ ቆየት ያሉ ሞዴሎች ይህን የምትሠራው የኤሌክትሪክ ሞተር ሳትሆን በቀጭን የላስቲክ ቱቦ በሚመጣ የአየር መሳብ ኃይል የምትንቀሳቀስ ቆርቆሮ ናት፤ እዚያ ላይ አንድ ቱቦ ቢሰነጠቅ ወይም ቢወልቅ ፎር ዊሉ ይጠፋል። እንግዲህ የመጀመሪያው ግንኙነት ተገናኝቶ ሁለተኛው ካልተገናኘ፣ የፊት ሻፍቱ ሲዞር እየታየ ጎማዎቹ አይስቡም። ዲፈረንሻል በጠባዩ ኃይሉን ወደሚቀለው ወገን ስለሚሰድ፣ በተቋረጠው አክስል በኩል ሁሉም ያልቃል፤ ያልተቋረጠው ወገን እንኳ ምንም ኃይል አያገኝም። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለውም ይህን ለመንገር ነው፤ «ታዝዣለሁ፣ ነገር ግን ገና አልተገጣጠምኩም» ማለቱ ነው። ቆሞ መጠበቅ፣ መሪውን አቅንቶ ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ መሄድ ብዙ ጊዜ ያገጣጥመዋል፤ በዚህ ካልረጋ መጀመሪያ የሚታየው ሶኬትና ሽቦ፣ ቀጥሎ ፊውዝ፣ ቀጥሎ ሞተሯ ራሷ ናት። ዲፈረንሻሉ የመጨረሻው ነው።

በእጅ በሚቆለፍ የጎማ ቁልፍ የሚሠሩትን የቀድሞ ሃይሉክሶችና ላንድ ክሩዘር ፒክአፖች የነዳ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። እነዚያ መኪኖች በየፊት ጎማው መሃል ላይ «ፍሪ» እና «ሎክ» የሚል መዘውር አላቸው። በወጣትነቴ አንድ ቀን ረዳቴ የግራውን ቆልፎ የቀኙን ረሳው፤ ዳገት ላይ ቀርተን አንድ ሰዓት ሙሉ ድንጋይና ቅጠል ስናነጥፍ ከቆየን በኋላ ነው የተፈታው መዘውር የታየን። በዚያ ሁሉ ጊዜ የዳሽቦርዱ መብራት በርቶ ነበር፤ ምክንያቱም በእነዚያ መኪኖች መብራቱ የሚናገረው ስለ ትራንስፈሩ ብቻ እንጂ ስለ ጎማዎቹ አይደለም። ስለዚህ መብራት በርቷልና ፊቱ ይስባል ብሎ መደምደም፣ መብራት አልረጋምና ዲፈረንሻሉ ተበልቷል ብሎ ከመደምደም የተሻለ አይደለም።

ጥፋቱ የት እንዳለ ለመለየት ክሪክና ሁለት ሰው ይበቃሉ። መኪናው አፈር ላይ በኤች 4 ቀጥ ብሎ ጥቂት ሜትር ከተነዳ በኋላ ዘንጉ ሳይመለስ ሞተሩ ይጠፋል፤ ካምቢዮው 1ኛ ማርሽ ላይ ይቀመጣል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ የኋላ ጎማዎች በፊትም በኋላም ታኮ ይደረግባቸዋል። ከዚያ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከመሬት እስኪለቁ ይነሡና መኪናው በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይደገፋል። አደራ የምለው ነገር አለ፤ በዚህ ሁኔታ ላይ ሞተር ማስነሣት ክልክል ነው፤ የኋላ ጎማዎች መሬት ላይ ስለሆኑ መኪናው ከማቆሚያው ዘሎ ከሥሩ ያለውን ሰው ሊገድል ይችላል። አሁን አንደኛው ሰው የፊት ሻፍቱን ጨብጦ ለማዞር ይሞክር። ከትንሽ መላወስ በቀር አልዞርም ካለ ትራንስፈሩ ተገናኝቷል ማለት ነው፤ እንደ ልብ ከዞረ ግን ጥፋቱ ከትራንስፈሩ ወይም ትራንስፈሩን ከሚያዝዘው ዘንግ፣ በአዲሶቹም ትራንስፈሩን ከምታዝዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ዲፈረንሻሉን መንካት አያስፈልግም። ሻፍቱ ከተያዘ በኋላ ደግሞ የግራውን ጎማ ወደፊት ማዞር ነው። የቀኙ ጎማ ወደኋላ ከዞረ አክስሎቹ ተገጣጥመዋል፣ ዲፈረንሻሉም ሥራውን እየሠራ ነው። የቀኙ ዝም ካለ ግን አንደኛው ወገን ተቋርጦ ቀርቷል፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሹካው፣ ከትንሿ ሞተር፣ ከሽቦው ወይም ከጎማ ቁልፉ አያልፍም። ጎማው ሲዞር ጥርስ የመዝለል ስሜት፣ መንጓጓትና መንገጫገጭ ካለ፣ በዚህ ምርመራ ያን ጊዜ፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ ዲፈረንሻሉን መጠርጠር ተገቢ ይሆናል።

ወደ መኪናችን ታሪክ ልመለስ፤ ገና አላለቀምና። ሽቦው ተሠርቶ ፎር ዊሉ በትክክል መግባት ከጀመረ በኋላ ሌላ ነገር ተነሣ። በኮረኮንች ላይ በኤች 4 ጥቂት ኪሎ ሜትር ስሄድ መሪው ከበደ፤ ከታች ማጓራት ተሰማ፤ ዘንጉን ወደ ኤች 2 ልመልስ ስል እንደ ተበየደ ሆኖ አልንቀሳቀስም አለ። ተመልሰን ጥርስ ስንቆጥር የኋላው ዲፈረንሻል ኮሮና (ትልቁ ባለ ጥርስ ክብ) 43፣ ፒኞኑ (ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ) 11 ጥርስ ነበረው፤ ከአዲስ አበባ የመጣው የፊተኛው ግን ኮሮናው 41፣ ፒኞኑ 10። የኮሮናው ቁጥር ለፒኞኑ ሲካፈል የመጀመሪያው 3.909፣ ሁለተኛው 4.100 ማለት ነው። ሁለቱም በሃይሉክስ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ፣ ከውጭ ሲያዩአቸው የማይለያዩ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ሞተር ሁለቱን እኩል ሲነዳቸው፣ የኋላ ጎማዎች 1 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ የፊቶቹ ከ45 ሜትር በላይ ወደኋላ መቅረት ይፈልጋሉ። በጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራትቶ ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል፤ በደረቅ መሬት ላይ ግን የሚሸፍነው የሻፍቱ መጠማዘዝ፣ የክሮቸራው (የሻፍቱ መተጣጠፊያ መገጣጠሚያ) መጨነቅና የጥርሶቹ መበላላት ነው። የከፋው ነገር በ2 ጎማ ሲኬድ ይህ ስሕተት ምንም ምልክት የማይሰጥ መሆኑ ነው። ያገለገለ ዲፈረንሻል ለመግዛት የተገደደ ሰው ሁሉ ከመክፈሉ በፊት የኋላውን የራሱን ጥርስ ቆጥሮ ይሂድ፤ ሻጩም ከፍቶ ያስቆጥረው። ቁጥሩ በአንድ ጥርስ እንኳ ከተለየ ዕቃው ለዚያ መኪና አይሆንም።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው፣ ነገር ግን ያለ ጋራዥ ስሕተት በሾፌሩ እጅ የሚመጣው ጉዳት ፎር ዊልን በአስፋልት ላይ መንዳት ነው። እንደ ሃይሉክስና እንደ ላንድ ክሩዘር 70 ባሉት መኪኖች ትራንስፈር ውስጥ የፊቱንና የኋላውን ልዩነት የሚያስተናግድ መካከለኛ ዲፈረንሻል የለም፤ ኤች 4 ሲገባ ሁለቱ ሻፍቶች አንድ ብረት ይሆናሉ። መኪና ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ክብ ይዞራሉ። በፊትና በኋላ አክስል መካከል 3 ሜትር ያህል ርቀት ያለው ፒክአፕ፣ የኋላ አክስሉ መሃል በ6 ሜትር ራዲየስ ቢዞር የፊተኛው መሃል በ6.7 ሜትር ይዞራል፤ በአንድ ሙሉ ዙር ውስጥ ልዩነቱ ከ4 ሜትር ይበልጣል። ደረቅ አስፋልት ጎማውን አንሸራትቶ ይህን አይለቅለትም። መኪናው ሲታጠፍ ፍሬን የተያዘ ያህል የሚንገጫገጨው፣ መሪው የሚከብደው፣ ሲቆም ከሥር «ጓ» የሚለው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ዲፈረንሻሉ ሊበላ ነው ብሎ ወደ ጋራዥ ይሮጣል፤ መድኃኒቱ ግን ወደ ኤች 2 መመለስ ብቻ ነው። ዘንጉ ተጨንቆ አልመለስ ካለም በጉልበት መታገል አይገባም፤ መሪውን አቅንቶ ጥቂት ሜትር ወደኋላ ቀስ ብሎ ሲኬድ የተጠማዘዘው ይላቀቅና ዘንጉ በጣት ይመለሳል።

በዚህ ነገር ላይ ሾፌሮችን የሚያሳስት እውነተኛ ምክንያት እንዳለ አልክድም። ፕራዶ ሲነዳ የኖረ ሰው 4ቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚስብ መኪና ለምዷል፤ በፕራዶው ውስጥ ግን መካከለኛ ዲፈረንሻል አለ። ሱፐር ሴሌክት የተባለው የሚትሱቢሺ አሠራር ያለባቸው ኤል 200 ፒክአፖችም እንዲሁ በአስፋልት ላይ በ4 ጎማ እንዲሄዱ የተሠሩ ናቸው። ከእነዚህ ወርዶ ሃይሉክስ የሚረከብ ሾፌር ልማዱን ይዞ ይመጣል፤ የሚረከበውም መኪና ከውጭ ሲታይ ተመሳሳይ በመሆኑ ማንም አያስጠነቅቀውም። ዝናብ ያረጠበው የአስፋልት ቁልቁለት ላይ፣ ለምሳሌ ከጣርማ በር ሲወረድ፣ በኤች 4 መሄድ ደኅንነት ይመስለዋል። መንገዱ በጭቃ ካልተሸፈነ በቀር ለእነዚህ መኪኖች ደኅንነቱ በዝግታና በዝቅተኛ ማርሽ ላይ ነው።

የጎማንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም፤ መሥሪያ ቤቶች በቁጠባ ስም የሚያበላሹት ብዙ ነውና። ሁለት ጎማ ሲያልቅ ሁለት አዲስ ተገዝቶ ፊት ይገጠማል፣ ኋላው ያረጀው ይቀራል። 265/65 አር 17 የሚባለውን መጠን ብንወስድ ራዲየሱ 388 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የአዲሱና ያረጀው ጥርስ ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን በ1 ኪሎ ሜትር 15 ሜትር ያህል ይለያያሉ። ከላይ እንደጠቀስኩት የጥርስ ቁጥር ስሕተት የከፋ ባይሆንም፣ መኪናው በፎር ዊል ቀጥ ብሎ ሲሄድ እንኳ ሳያርፍ የሚጨነቅበት ነው። መጠኑ ራሱ የተለያየ ጎማ መግጠም ደግሞ ጭራሽ ሊታሰብ የማይገባው ነገር ነው፤ ይህን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ፊቱ ጮኸ የተባለ መኪና ጋራዥ ሲደርስ መካኒኩ ከሁሉ አስቀድሞ ቁልቁል ብሎ የ4ቱን ጎማዎች መጠንና ጥርስ ቢያነብ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ዲፈረንሻልን በእውነት የሚገድለው ውኃና የዘይት እጥረት ነው። ወደ ጀማ ከሚወርዱት ወንዞች አንዱን በክረምት የተሻገረ ሰው አስቦት ያውቅ እንደሆነ እንጃ፤ ረጅም መንገድ ሮጦ የጋለ ዲፈረንሻል በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲጠልቅ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ከውጭ መሳብ ይጀምራል። ለመተንፈሻ የተሠራችው ትንሽ ቀዳዳ ወይም ቱቦ በጭቃ ከተደፈነች የሚስበው በአክስሉ ጫፍ ባለው ላስቲክ በኩል ነው፤ የሚስበውም ውኃውን ነው። ዘይትና ውኃ ተመትተው ወተት የፈሰሰበት ቡና ይመስላሉ፤ ያ ድብልቅ ጥርሱንም ኩሽኔታውንም አይጠብቅም፤ መኪናው ሲቆም ዝገት ይጀምራል። ስለዚህ ከጥልቅ ውኃ በፊት ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ማብረድ፣ ከክረምቱ በፊት መተንፈሻውን ማጽዳት፣ ከተሻገሩም በኋላ በቀጣዩ ቀን የመሙያውን ቡሎን ከፍቶ ዘይቱን በጣት ማየት ይገባል። መጀመሪያ የሚከፈተው የመሙያው ቡሎን ነው እንጂ የማፍሰሻው አይደለም፤ የማፍሰሻው ተከፍቶ ዘይቱ ካለቀ በኋላ የመሙያው ተጣብቆ አልፈታም ቢል መኪናው እዚያው ይቀራል። ዘይቱ እስከ ቀዳዳው ከንፈር ካልደረሰ ጎድሏል። የፊቱ የሚይዘው ከ2 ሊትር ያነሰ በመሆኑ ትንሽ ጉድለት እንኳ ብዙ ነው፤ ዘይቱም መመሪያው እንደሚያዝዘው ጂ.ኤል. 5 የሚል ደረጃ ያለው መሆን አለበት፤ ጥርሶቹ እየተፋተጉ የሚነዳዱ ስለሆኑ የሞተር ዘይት አይሸከማቸውም። በማግኔቱ ቡሎን ላይ እንደ ጥቁር ሊጥ የሚጣበቅ የደቀቀ ብረት የዕድሜ ነው፤ በጥፍር የሚያዝ ስብርባሪ ከተገኘ ግን ዲፈረንሻሉ ይፈታ፤ በዚህ እኔም አልከራከርም።

ድምፅም ለሚሰማው ሰው ብዙ ይናገራል። መሪው እስከ መጨረሻ ተጠምዞ ሲኬድ የሚሰማ «ቀጭ ቀጭ» የሲቪ ጆይንት (ጎማው ሲታጠፍም ኃይል የሚያሳልፈው የአክስሉ መገጣጠሚያ) ነው፤ የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ ግራሶው ወጥቷል። ኃይል ሲሰጠውና ሲለቀው «ጓ» የሚል ነገር የክሮቸራ ወይም የሻፍት ነው። ነዳጅ ሲረገጥ የሚያለቅስ፣ ሲለቀቅ ጸጥ የሚል ከሆነ ፒኞኑና ኮሮናው አቀማመጣቸው ተዛብቷል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ በ2 ጎማ ሲኬድ የሚያጓራ፣ ኤች 4 እንደገባ የሚጠፋ ድምፅ አለ፤ ይህ የተቋረጠውን አክስል አሠራር ባላቸው የቶዮታ መኪኖች ላይ ከፊት ዲፈረንሻሉ ጎን አክስሉን የያዘች የአንዲት ትንሽ መርፌ ኩሽኔታ ማለቅ ነው። በ2 ጎማ ጊዜ የዲፈረንሻሉ አካል ቆሞ አክስሉ ብቻውን በውስጡ ስለሚዞር ኩሽኔታዋ ትጮኻለች፤ በ4 ጎማ ጊዜ ግን ሁሉም አብረው ስለሚዞሩ ዝም ትላለች። ይህን የማያውቅ መካኒክ ሙሉ ዲፈረንሻል ያስገዛል፤ የሚያውቀው ያቺን ኩሽኔታ ይቀይራል።

በበጋ መቆሙም ራሱ ጉዳት ነው። ከመስከረም እስከ ሰኔ አንድም ቀን ያልተነካ ፎር ዊል፣ ዘይቱ ከላይኞቹ ጥርሶችና ኩሽኔታዎች ላይ ወርዶ ይደርቃል፤ ሹካው ይጣበቃል፤ ሶኬቱ እንደ እኛው መኪና ሳይታወቅ ይዝጋል። የቶዮታ የባለቤት መመሪያ በየወሩ ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በ4 ጎማ መንዳት ይገባል የሚለው ለዚህ ነው፤ በአፈር መንገድ ላይ፣ በዝግታ። እኔ ከዚያ ሐምሌ ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ከደብረ ብርሃን በሚወጣ የአፈር መንገድ ላይ ይህን ሳላደርግ የቀረሁበት ወር የለም፤ እስከ ጡረታዬም መብራቱ አልረጋም ብሎ አላስቸገረኝም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። መኪና የሚያሰማሩ መሥሪያ ቤቶች የመኪና ርክክብ ቅጻቸው ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ። በ26 ዓመት ውስጥ ከተፈራረምኳቸው ቅጾች ሁሉ ላይ ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ እሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ሳጥን፣ የጋቢና ምንጣፍ ሳይቀር ተጽፎ ነበር፤ የፊት ጎማዎች መሳባቸውን የሚጠይቅ መስመር ግን አንድም ቀን አላየሁም። አስረካቢና ተረካቢ አፈር ላይ ወጥተው፣ ኤች 4 አስገብተው፣ መብራቱ መርጋቱን አይተው፣ የ4ቱ ጎማ መጠን መመሳሰሉን አንብበው ይፈርሙ። ይህ ከግንቦት ወር በፊት ቢደረግ በሐምሌ የሚቆመው መኪና ይቀንሳል። ሁለተኛው፣ ለጥገና የሚከፍል መሥሪያ ቤት፣ የፊት ዲፈረንሻል ይውረድ የሚል ጋራዥ ሲያጋጥመው ከመፍቀዱ በፊት ከላይ የገለጽኩት የሻፍትና የጎማ ምርመራ ውጤት በጽሑፍ እንዲቀርብለት ይጠይቅ፤ ሻፍቱ ተይዞ ነበር ወይስ ይዞር ነበር፣ የቀኙ ጎማ ከግራው በተቃራኒ ዞረ ወይስ አልዞረም፣ የፈሰሰው ዘይት መልኩ ምን ነበር፣ በማግኔቱ ላይ ምን ተገኘ። እነዚህን 4 ጥያቄዎች ለመመለስ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። መልሶቹ በወረቀት ላይ ቢኖሩ ኖሮ የእኛ መኪና 5 ሳምንት ባልቆመች ነበር፤ በእነዚያ 5 ሳምንታትም ክትባቱ በበቅሎ ባልተጓዘ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ ሾፌር፣ ከደብረ ብርሃን